ስለ ሥራ አቋቋሚዎች የሚመረምር አንድ መጽሔት አመሠራረትና አስተዳደግ

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዕቃውን የሚገዛው በታወቀ ዋጋ ሲሆን፣ የሚሸጠው ግን ገና ባልታወቀ ዋጋ ነው። ይህን ነገር አጥርቶ የጻፈው ሪቻርድ ካንቲዮን የተባለው የአየርላንድ ተወላጅ ነው። ካንቲዮን በፓሪስ በባንክ ሥራ የበለጸገ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ቈይቶ በ1755 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የትርፉን ልክ ሳያውቅ፣ የኪሳራውን አደጋ በራሱ ላይ ወስዶ የሚሠራውን ሰው ሁሉ ካንቲዮን በፈረንሳይኛ «አንትረፕረነር» ብሎ ጠራው፤ ይህም ሥራን በእጁ የያዘ፣ ሥራን የጀመረ እንደ ማለት ነው። በዚህ ስም ውስጥ ጅምላ ነጋዴውንም፣ ባለ ሱቁንም፣ ባለ እጁንም አገባቸው። ገቢያቸው ያልተወሰነ ስለ ሆነ ለማኙንና ቀማኛውን እንኳ ከዚሁ ቈጠራቸው፤ በዚህስ ነጋዴዎች ደስ የሚላቸው አይመስልም።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከባለ ሱቁ ላይ ተነሣ። በ1911 የኦስትሪያው ሊቅ ጆዜፍ ሹምፔተር ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ስም የሚገባው አዲስ ነገር ለሚያቋቁም ሰው ብቻ እንደ ሆነ ገለጸ፤ ይኸውም አዲስ ዕቃ ለሚያወጣ፣ አዲስ የአሠራር ዘዴ ለሚያገባ፣ አዲስ ገበያ ለሚከፍት፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ ለሚያገኝ፣ ወይም የአንዱን ኢንዱስትሪ አደረጃጀት ለሚለውጥ ነው። ያው ሰው ሥራው ተደላድሎለት እንደ ሌላው ሰው መነገድ ሲጀምር ስሙን ያጣል። በሹምፔተር ሚዛን ሲመዘን፣ ሱቁን በየማለዳው ከፍቶ በየማታው የሚዘጋ፣ ዱቤውን የሚሰበስብ፣ ግብሩን የሚከፍል ቸርቻሪ የተከበረ ሰው ቢሆንም ሥራ ፈጣሪ አይደለም ማለት ነው።

ስሙ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ገንዘብ አለበት። በብዙ አገር ብድሩም፣ ሥልጠናውም፣ የመንግሥት ድጋፉም የሚሄደው ስሙ ወደ ተሰጠው ሰው ነው። ይህ ክርክር በሊቃውንት ዘንድ ከተካሄደባቸው ሸንጎዎች አንዱ በአሜሪካ አገር የሚታተም አንድ የጥናት መጽሔት ሲሆን፣ የመጽሔቱም የራሱ ታሪክ ከክርክሩ ጋር የተሳሰረ ነው።

መጽሔቱ የተመሠረተው በ1976 በባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያ ስሙ «አሜሪካን ጆርናል ኦቭ ስሞል ቢዝነስ» ነበረ፤ የአሜሪካ የትንንሽ ንግዶች መጽሔት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ስለ ትንሽ ንግድ የሚያስተምሩ መምህራን ጥቂት ነበሩ። በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ማይልስ ሜስ የተባለው መምህር አዲስ ድርጅት ስለ ማቋቋም የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠው በ1947 ነው፤ ተማሪዎቹም 188 ነበሩ፣ አብዛኞቹም ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት የትንንሽ ንግዶችን አስተዳደር መሥሪያ ቤት ያቋቋመው በ1953 ሲሆን፣ ስለ ትንሽ ንግድ አመራር የሚጽፍ ሌላ መጽሔት ደግሞ በ1963 ወጥቶ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ግን በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ምርምር ማለት የትልልቅ ኩባንያዎች ምርምር ነበረ። ስለ ባለ ሱቅ የሚጽፍ መምህር ከባልደረቦቹ ዘንድ ብዙ ክብር አያገኝም ነበር።

ሁኔታውን ከለወጡት ነገሮች አንዱ በ1979 የወጣ ጥናት ነው። ዴቪድ በርች የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ ከ1969 እስከ 1976 ከተገኙት አዳዲስ የሥራ ቦታዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ያስገኙት ከ20 የማይበልጡ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች መሆናቸውን ገለጸ። ለነጋዴ ከውጤቱ ይልቅ የሚያስገርመው ምንጩ ነው። በርች ቍጥሩን ያገኘው ዳን ኤንድ ብራድስትሪት ከተባለው ድርጅት መዛግብት ነው። ይህ ድርጅት መነሻው በ1841 ሉዊስ ታፓን የተባለ የሐር ነጋዴ በኒው ዮርክ ያቋቋመው ቢሮ ሲሆን፣ ሥራውም ዱቤ የሚጠይቀው ነጋዴ የታመነ መሆን አለመሆኑን ለሻጮች መንገር ነበረ። ታፓን ራሱ በ1837 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ ዱቤ ሰጥቶ ተጐድቶ ነበርና የመረጃውን ዋጋ ያውቀው ነበር። እንግዲህ አንዱ ነጋዴ ሌላውን ለማመን ሲል የጻፈው ማስታወሻ ከ130 ዓመት በላይ ቈይቶ ለሊቃውንት የምርምር መዝገብ ሆነ።

የበርች ቍጥር በፖለቲካ ሰዎችም በመምህራንም አፍ ገባ፤ ትችትም አላጣም። በመጨረሻም በ2013 ሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ከዚያ እጅግ የሰፋ የመንግሥት መዝገብ መርምረው፣ ሥራ የሚያስገኘው የድርጅቱ ትንሽነት ሳይሆን አዲስነቱ መሆኑን አስረዱ፤ ዕድሜው ከተቈጠረ የትንሽነቱ ብልጫ ይጠፋል። ትንሽና አሮጌ የሆነ ሱቅ ያለ ሠራተኛ ብዛት ዘመኑን ሊጨርስ እንደሚችል ማንኛውም የመርካቶ ሰው ያውቀዋል፤ ነገር ግን ማወቅና በመዝገብ ማስረዳት ልዩ ልዩ ነገር ነው።

ከበርች ጥናት በኋላ በነበሩት 10 ዓመታት ትምህርቱ በፍጥነት አደገ። በ1985 «ጆርናል ኦቭ ቢዝነስ ቬንቸሪንግ» የተባለ ሌላ መጽሔት ወጣ፤ ለባልቲሞሩም ብርቱ ተወዳዳሪ ሆነ። በ1987 የአሜሪካ የአመራር ሊቃውንት ማኅበር ለዚሁ ትምህርት ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። በ1988 ደግሞ የባልቲሞሩ መጽሔት ስሙን ለውጦ «ኢንተርፕርነርሺፕ ቲዮሪ ኤንድ ፕራክቲስ» ተባለ፤ ትርጓሜውም የሥራ አቋቋሚነት ሐሳብና ተግባር ማለት ነው። በዚያው ዘመን መቀመጫው በቴክሳስ በዌኮ ከተማ ወደሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ዞረ። «ትንሽ ንግድ» የሚለው ቃል ከሽፋኑ ጠፋ።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛው ቃል ጥቂት ማለት ይገባል። የፈረንሳይኛው ቃል ዛሬ በአማርኛ «ሥራ ፈጣሪ» ተብሎ ይተረጐማል፤ ቃሉም ተለምዷል። ይሁን እንጂ መፍጠር ካለምንም ማስገኘት ነው፤ ሥራ የሚጀምር ሰው ግን ካለው ገንዘብ፣ ካለው ዘመድና ካለው ዕውቀት ተነሥቶ ያቋቁማል። ስለዚህ «ሥራ አቋቋሚ» የሚለው ቃል ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል፤ ከዚህ ቀጥሎ ከሚነገረው ክርክር ጋርም ይገጥማል።

ክርክሩ የታተመው በ1988 የጸደይ ወራት እትም፣ ገና የቀድሞው ስም ሳይለወጥ ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን ከ4 ዓመት በፊት ነበረ። በ1984 ጄምስ ካርላንድና ሦስት ጓደኞቹ በሌላ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ሥራ አቋቋሚንና የትንሽ ንግድ ባለቤትን ለሁለት ከፈሉአቸው። እንደ እነርሱ አባባል የትንሽ ንግድ ባለቤት ንግዱን የሚይዘው ለግል ዓላማው ነው፤ ንግዱ ዋና ገቢው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜውን ይወስድበታል፣ ከቤተ ሰቡም ፍላጎት ጋር የተጣመረ ነው። ሥራ አቋቋሚ ግን ዓላማው ትርፍና ዕድገት ሲሆን፣ አዲስ ነገር በማምጣትና አስቀድሞ በማቀድ ይታወቃል። ይህ የሹምፔተር ክፍፍል እንደገና መመለሱ ነው።

ዊልያም ጋርትነር የተባለው ሊቅ ይህን ተቃወመ። የጽሑፉ አርእስት «ሥራ አቋቋሚ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ የተሳሳተ ጥያቄ መሆኑን በግልጥ የሚናገር ነው። ጋርትነር ከእርሱ በፊት የነበሩትን ተመራማሪዎች ጽሑፎች ሰብስቦ በሰንጠረዥ አኖራቸው። አንዱ ሥራ አቋቋሚ አደጋን የሚወድ ሰው ነው ይላል፤ ሁለተኛው ለሥራ ፍጻሜ የሚጓጓ ሰው ነው ይላል፤ ሦስተኛው ዕድሌ በእጄ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው ይላል። ሁሉም የሰውን ጠባይ ይለካሉ፤ ነገር ግን ሥራ አቋቋሚ ብለው የመረጡአቸው ሰዎች አንዱ ምርምር ከሌላው እጅግ የተለያዩ ስለ ነበሩ ልኩ አንዱ ከሌላው ጋር ሊገጥም አልቻለም። ጠባዮቹ ሁሉ ቢደመሩ ከአንድ ሰው ይልቅ የሁሉንም ሰው መልክ የሚመስል ነገር ይወጣል። ስለዚህ ጋርትነር መጠየቅ የሚገባው ድርጅት እንዴት ይቋቋማል፣ ሰውዬውስ በዚያን ጊዜ ምን ምን ያደርጋል የሚለው ነው አለ። ማቋቋሙ ሲያበቃ ሥራ አቋቋሚነቱም ያበቃል።

በአገራችን ሰው ዘንድም «እገሌ ለንግድ የተወለደ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር የተሳካለትን ሰው ከተሳካለት በኋላ የሚያሞግስ ነው፤ ገና ሱቁን ሊከፍት ቤት ሲፈልግ፣ ፈቃድ ሲያወጣ፣ ከዘመድ ገንዘብ ሲለቅም የነበረውን ሰው ግን ለንግድ የተወለደ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ጋርትነር ሊታይ ይገባል ያለው ይኸው ወራት ነው። በእርሱም ሐሳብ ትንሿን ሱቅ የከፈተ ሰው በከፈተበት ወራት እንደ ማንኛውም ፋብሪካ መሥራች ሥራ አቋቋሚ ነው። ካንቲዮን የሰጠውና ሹምፔተር የወሰደው ስም ለባለ ሱቁ ለጥቂት ወራትም ቢሆን ተመለሰለት ማለት ነው።

ካርላንድና ሁለት ጓደኞቹ በዚያው እትም መልስ ሰጡ፤ ጥያቄው መጠየቅ የሚገባው ነው፤ ሰውን ትቶ ሥራውን ብቻ ማየት አይቻልም አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልተዘጋም፤ ካርላንድም እውነት አለበት። ሁለት ሰዎች በአንድ ገንዘብ በአንድ መንገድ ላይ ሱቅ ከፍተው አንዱ ሲያድግ ሌላው ሲዘጋ የታየ ነው፤ ልዩነቱን ሁሉ ለአሠራር ብቻ መስጠት ያስቸግራል። ሆኖም ለምርምር የጠቀመው የጋርትነር ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ጠባይ ከሚለካ ይልቅ የተደረገን ነገር መቍጠር ይቀላል።

የጥያቄውም ፍሬ ከ10 ዓመት በኋላ ታየ። ከ1998 እስከ 2000 ድረስ በአሜሪካ ከ60,000 በላይ ሰዎች በስልክ ተጠየቁ፤ ከእነዚህም ውስጥ በዚያው ጊዜ ድርጅት ለማቋቋም በመጣር ላይ የነበሩ ከ800 በላይ ሰዎች ተለይተው ለዓመታት ተከታትለው ተጠየቁ። ገንዘብ አጠራቅመዋልን? ዕቅድ ጽፈዋልን? ቤት ተከራይተዋልን? ከአቅራቢ ዱቤ ጠይቀዋልን? እያንዳንዱ ነገር ከነወሩ ተመዘገበ። የዚህ ትልቅ ጥቅም ሱቁን ሳይከፍቱ የተዉትን ሰዎች መዝገብ ውስጥ ማግባቱ ነው። ከዚያ በፊት ሊቃውንት የሚጠይቁት ሱቃቸው የቆመላቸውን ብቻ ነበረና፣ ያልተሳካለት ሰው ምን እንዳደረገ የሚያውቅ አልነበረም። የተሳካለት ሰው ትዝታም እንደ ትርፉ ያማረ ይሆናል። ከዚህ መዝገብ የወጡ ጥናቶች በዚሁ መጽሔትና በሌሎችም ታትመዋል።

መጽሔቱ ካወጣቸው ሌሎች ጽሑፎች ለነጋዴ ቅርብ የሆነው በ1999 የታተመው የቹዋ፣ የክሪስማንና የሻርማ ጽሑፍ ነው፤ የቤተ ሰብ ንግድ የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ ይመረምራል። ብዙ ሰው የቤተ ሰብ ንግድ የሚለው የአክሲዮኑ አብዛኛ ክፍል በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ያለውን ነው። እነርሱ ግን ሁለት ድርጅቶች በባለቤትነት ፍጹም ቢተካከሉም፣ አንዱ ባለቤት ንግዱን ለልጆቹ ሊያወርስ እያሰበ ሲመራ፣ ሌላው ደኅና ገዢ ሲያገኝ ሊሸጠው እያሰበ ቢመራ አንድ ሊባሉ እንደማይችሉ አስረዱ። ስለዚህ መለኪያው ንግዱን ከትውልድ ወደ ትውልድ ለማሳለፍ ማሰብና በዚያው ሐሳብ መምራት ነው። ከዚህ ጽሑፍ በኋላ የቤተ ሰብ ንግድ ምርምር በመጽሔቱ ውስጥ ሰፊ ቦታ አገኘ። በ1991 የታተመው የኮቪንና የስሌቪን ጽሑፍ ደግሞ አሮጌ ድርጅትም አደጋን በመድፈር፣ አዲስ ነገር በማውጣትና ተወዳዳሪን በመቅደም የሥራ አቋቋሚነት መልክ ሊይዝ እንደሚችል ያሳያል።

መጽሔቱ በዚህ ዐይነት ከፍ አለ። በዓመት 4 ጊዜ ይወጣ የነበረው በኋላ 6 ጊዜ የሚወጣ ሆነ፤ የዓለም አቀፍ አሳታሚዎችም ያዙት፤ ከ2018 ጀምሮ የሚያሳትመው ሴጅ የተባለው ድርጅት ነው። የለንደኑ «ፋይናንሻል ታይምስ» ጋዜጣ የንግድ ትምህርት ቤቶችን ደረጃ ሲያወጣ የመምህራኖቻቸውን ጽሑፍ የሚቈጥርባቸው 50 መጽሔቶች አሉ፤ ይህ መጽሔት ከእነርሱ አንዱ ነው። የመጽሔት ክብር የሚለካበት ሌላ ሒሳብም አለ። ይኸውም ባለፉት 2 ዓመታት የወጡት ጽሑፎች በዚህ ዓመት በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሱ ተቈጥሮ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። ነጋዴ ዕቃው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ እንደሚያሰላ ያለ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚገላበጠው ጥቅስ መሆኑ ነው።

የዚህ ገበያ አሠራር ግን ለነጋዴ እጅግ እንግዳ ነው። ጸሐፊው ጽሑፉን ያለ ዋጋ ይሰጣል። አዘጋጁ መጀመሪያ ራሱ ተመልክቶ የማይረባ ከመሰለው ይመልሰዋል፤ የሚረባ ከሆነ የጸሐፊው ስም እንዳይታይ ተደርጎ ለሁለት ወይም ለሦስት ሊቃውንት ይላካል። እነርሱም ያለ ዋጋ ይመረምሩታል፤ ይህ ጐደለ፣ ያ አልተረጋገጠም እያሉ ይመልሱታል፤ ጸሐፊውም አርሞ እንደገና ይልካል። ከመጀመሪያው መላክ እስከ መታተም አንድ ወይም ሁለት ዓመት ማለፉ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውም ጽሑፍ ሳይታተም ይቀራል። የታተመውን ደግሞ አሳታሚው ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይሸጠዋል። ስለዚህ ያው ዩኒቨርሲቲ ለመምህሩ ደመወዝ ከፍሎ ያስጻፈውን፣ በሌላ መምህሩ ጊዜ ያስመረመረውን ዕቃ መልሶ በገንዘብ ይገዛል። አቅራቢውም መርማሪውም ገዢውም አንድ ወገን የሆነበትን፣ ትርፉ ግን ለመጋዘን ጠባቂው የሚገባበትን እንዲህ ያለ ውል የሚፈርም አስመጪ የሚገኝ አይመስልም። መምህራኑ የሚፈርሙት ክፍያቸው በሹመትና በክብር ስለሚመጣላቸው ነው።

ባለ ሱቁ የጐደለበትም እዚህ ላይ ነው። ሹመት የሚሰጠው ባልደረባ ሊቅ ከሆነ፣ ጽሑፍም የሚጻፈው ለባልደረባ ሊቅ ይሆናል። ዛሬ መጽሔቱን የሚገልጥ ነጋዴ የሚያገኘው ብዙ ሰንጠረዥ፣ ብዙ ቀመርና የረዘመ የሐሳብ መግቢያ ነው፤ ለሥራው የሚጠቅመው ነገር ካለም በመጨረሻው ገጽ በጥቂት መስመር ይጠቀሳል። በስሙ ላይ የቀረው «ተግባር» የሚለው ቃል ዕቃው ካለቀ በኋላ በሱቁ በር ላይ እንደ ቀረ ማስታወቂያ ሆኗል ቢባል ማጋነን ነው፤ ፈጽሞ ሐሰት ግን አይደለም። በ1976 አንባቢ ይሆናል ተብሎ የታሰበው የትንሽ ንግድ ሰው፣ አሁን የሚጠየቅና የሚቈጠር ሰው ሆኗል። በሌላ በኩል ጥብቅነቱ ባይመጣ ኖሮ ያልተሳካላቸውን ሰዎች የሚመዘግብ፣ የበርችንም ቍጥር የሚያርም ምርምር አይገኝም ነበር፤ ደስ የሚያሰኝ ምክር ብቻ እየተጻፈ ይኖር ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ነጋዴዎችና መምህራን አንድ መልስ የሚሰጡ አይመስልም።

መጽሔቱን ለማየት የሚፈልግ የእያንዳንዱን ጽሑፍ አጭር መግለጫ ያለ ክፍያ ማንበብ ይችላል። ሙሉው ጽሑፍ በአብዛኛው በክፍያ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ወይም ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ወጪውን የከፈሉባቸው ጽሑፎች ግን ለሁሉም የተከፈቱ ናቸው። እንዲሁም ገቢያቸው ዝቅ ላለ አገሮች ተቋማት ብዙ የጥናት መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ የሚያስነብብ ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለ ድርጅት አለ፤ ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አገሮች አንዷ ስለ ሆነች፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ አይከፋም። ጠያቂው ከጋርትነርና ከካርላንድ ጽሑፎች ቢጀምር ይቀልለታል፤ ሁለቱም ቀመር የሌለባቸው የክርክር ጽሑፎች ናቸው። የጋርትነር ጽሑፍ በ1989 በአዲሱ ስም እንደገና ታትሟል፤ ሁለቱን ጐን ለጐን ለማንበብ ግን የ1988ቱን የጸደይ እትም፣ «ትንሽ ንግድ» በሚለው በቀድሞው ስም መጠየቅ ያስፈልጋል።